መሥራች ቃልና ሰሚው

በ1864 ዓ.ም. ጥር ወር አክሱም ላይ ዘውድ የጫኑት ዓፄ ዮሐንስ አራተኛ ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ለንደን ደብዳቤ ጻፉ። ከአራት ዓመት በፊት፣ በሚያዝያ 1860፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ዓፄ ቴዎድሮስ ካከማቿቸው መጻሕፍት ብዙዎቹ ተጭነው ሄደዋል፤ ከእነሱም አንዱ ክብረ ነገሥት ነበር። ዓፄ ዮሐንስ ለንግሥት ቪክቶሪያና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ለሎርድ ግራንቪል በጻፉት ደብዳቤ ኩርዓተ ርእሱ የሚባለውን የክርስቶስ ሥዕልና ይህን መጽሐፍ ፈልገው እንዲመልሱላቸው ጠየቁ። ለመጽሐፉ የሰጡት ምክንያት ዛሬም አንባቢን ቆም ያደርጋል፦ የመላው ኢትዮጵያ ሕግ፣ የሹማምንቱ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱና የአውራጃዎቹ ስም በዚህ መጽሐፍ ይገኛል፤ እሱ ከሌለ በአገሬ ሰዉ ትእዛዜን አይቀበልም አሉ። የብሪታንያ ሙዚየም ከመቅደላ የመጡ ሁለት ቅጂዎች ነበሩትና አንዱን መለሰ። ሥዕሉ ግን አልተመለሰም።

ይህን የጻፉት ጦር ያነሳቸው ሰው አይደሉም። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ የግብጽን ሠራዊት ሁለት ጊዜ የሰበሩ ንጉሥ ናቸው። ጦር ያለው ሰው መጽሐፍ የሚለምነው ለምንድን ነው? ጦር መንገድ ያስከፍታል፣ ግብር ያስገባል፣ የሸፈተውን ይመልሳል። ጦሩ ካለፈ በኋላ ግን ገበሬው እቤቱ ተቀምጦ፣ ማንም ሳያየው፣ «ይህ ሰው በእውነት ንጉሤ ነው» ብሎ እንዲያምን የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው። ዓፄ ዮሐንስ ያንን ሌላ ነገር በስሙ ጠርተው ጠየቁ። መሥራች ሰነድ ለአንድ አገር ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ በግልጽ የተናገረ ገዥ አላውቅም።

ክብረ ነገሥትን ራሱን ገልጦ ለሚያነብ ግን ነገሩ እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። ንግሥት ማክዳ ወደ ኢየሩሳሌም መውረዷን፣ ከሰሎሞን መፅነሷን፣ ልጇ ምኒልክ አድጎ አባቱን ሊያይ መሄዱን፣ ሲመለስም የእስራኤል መኳንንት የበኩር ልጆች አብረውት መምጣታቸውን፣ የካህኑ የሳዶቅ ልጅ አዛርያስም ታቦተ ጽዮንን ከመቅደሱ ማውጣቱን አብዛኞቻችን በልጅነታችን ሰምተናል። ብዙ ጊዜ የምናልፈው በሰሎሞን ላይ የደረሰውን ነው። ሰሎሞን በትውልዱ እንከን የለበትም፤ የተቀባ የዳዊት ልጅ ነው። ሆኖም ታቦቷ ተለየችው፤ መጽሐፉም ልቅሶውን ሳይደብቅ ይተርካል። ስለዚህ ያው መጽሐፍ የኢትዮጵያ ንጉሥ የሰሎሞን ዘር ነው ብሎ ዙፋኑን ሲያጸና፣ ዘር ብቻውን ክብርን አስሮ እንደማያቆይም አብሮ ይመሰክራል። ክብር ከኢየሩሳሌም ወደ አክሱም መሄድ ከቻለ ከአክሱምም ሊሄድ ይችላል። ይህን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር የመጽሐፉ ጸሐፊ አልጻፈውም፤ ልብ ብሎ ያነበበ ሁሉ ግን እዚያ መድረሱ አይቀርም።

መጽሐፉን ወደ ግእዝ የመለሰው ንቡረ እድ ይስሐቅ ነው። ጊዜው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በዓፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን አካባቢ ሲሆን፣ የመዝጊያ ማስታወሻው የወቅቱን የእንደርታ ገዥ ያዕቢከ እግዚእን ያወድሳል። ያዕቢከ እግዚእ ኋላ በዚያው በዓምደ ጽዮን ላይ አምጾ የወደቀ ሰው ነው። የሰሎሞናውያንን ክብር የሚያውጀው ታላቅ መጽሐፍ ከሰሎሞናዊው ንጉሥ ጋር በተጣላ መኮንን ጥላ ሥር ተሠራ ማለት ነው። መሥራች ሰነድ አሠሪውም ሆነ ጸሐፊው ካሰቡት በላይ ይናገራል። ሕይወቱም ያለው እዚያ ትርፍ ነገር ውስጥ ይመስለኛል።

ይህ ትርፍ ቁልጭ ብሎ የሚታየው በፍትሐ ነገሥት ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብጻዊው ክርስቲያን ሊቅ ኢብን አል-አሳል በዐረብኛ ያጠናቀረው፣ ወደ ግእዝ ተመልሶ ለብዙ ዘመን የነገሥታቱ ችሎት የዳኘበት መጽሐፍ ነው። 51 አንቀጾች አሉት፤ 22ቱ ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ 29ኙ ስለ ዓለማዊ ጉዳይ ይናገራሉ። ስለ ባሪያ የሚናገረው አንቀጽ ሲጀምር፣ ነጻነት በተፈጥሮ ሕግ የሰው ሁሉ ድርሻ መሆኑን፣ አንዱን የሌላው አገልጋይ ያደረገው ጦርነትና የፈረስ ጉልበት መሆኑን ያስቀምጣል። ከዚያ እዚያው ላይ ማን ባሪያ መሆን እንደሚችል፣ ለማን እንደማይሸጥ፣ በምን ምክንያት ነጻ እንደሚወጣ ይደነግጋል። በአንድ ገጽ እውነቱን ተናግሮ በሚቀጥለው ገጽ ዓመፁን ያደላድላል።

ይህን አንቀጽ ሳነብ ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ያንን የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ማን ሰማው? መጽሐፉ በግእዝ ነው። የሚያነቡት ሊቃውንቱ፣ የሚጠቅሱት ዳኞቹ ናቸው። እንደዚህ ባለ ችሎት ደጃፍ የጌታውን በቅሎ ይዞ የቆመው ሰው፣ ስለ እሱ ነጻነት የተጻፈ ቃል እዚያ ውስጥ መኖሩን ማን ነገረው?

በሌላ አገር የሰማች አንዲት ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1776 የወጣው የአሜሪካ የነጻነት መግለጫ ሰዎች ሁሉ እኩል ሆነው መፈጠራቸውን ሲያውጅ፣ ዋናው ጸሐፊው ቶማስ ጀፈርሰን ራሱ ባሪያ አሳዳሪ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ የማሳቹሴትስ ሕገ መንግሥት ሰው ሁሉ ነጻና እኩል ሆኖ እንደሚወለድ ደነገገ። ሸፊልድ በምትባል የዚያ ግዛት ከተማ «ማም ቤት» ተብላ የምትጠራ በባርነት የምትኖር ሴት ነበረች። ማንበብ አትችልም። ጌቶቿ ስለ አዲሱ ሕግ ሲነጋገሩ፣ ሲነበብም ሰማች ይባላል። ከዚያ ቴዎዶር ሴጅዊክ ወደተባለ ጠበቃ ሄደች፤ ይህ ቃል እኔንም ይመለከታል፣ ተከራከርልኝ አለችው። በ1781 ጉዳዩ በግሬት ባሪንግተን ችሎት ታየ፤ ረታች። ኤሊዛቤት ፍሪማን የሚለውን ስም ይዛ በነጻነት ኖረች። ብዙም ሳይቆይ የግዛቱ ፍርድ ቤት በሌላ ክስ ባርነት ከሕገ መንግሥቱ ጋር አብሮ ሊሄድ እንደማይችል አረጋገጠ።

ሕጉን ያረቀቁት ስለ እሷ አላሰቡም። ቃሉን ለእንግሊዝ ንጉሥ መልስ፣ ለራሳቸው መብት መከታ አድርገው ጻፉት። እሷ ግን ሰማችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትርጉሙ ከጸሐፊዎቹ እጅ ወጣ። የቀረው የአሜሪካ ክፍል እዚያ ለመድረስ ብዙ ደም የፈሰሰበት የእርስ በርስ ጦርነት አስፈልጎታል፤ ባርነት በሕገ መንግሥት ማሻሻያ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1865 ነው። ያም ሆኖ ፍሬድሪክ ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1852 ሮቸስተር ላይ ቆሞ ያንን አገር ሲወቅስ፣ የወቀሰበት ሚዛን የአገሩ የራሱ መሥራች ቃል ነበር። ከውጭ የመጣ ክስ ቢሆን ኖሮ ገፍተው ያልፉት ነበር።

በእኛ አገር ፍትሐ ነገሥት ያንን ቃል ይዞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ኖረ። ባርነትን ደረጃ በደረጃ የሚያስቀር አዋጅ የወጣው በ1916 ዓ.ም. ነው፤ ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነችበት በዚያው ዓመት። ሙሉ በሙሉ የታገደው ደግሞ በ1934 ዓ.ም. ነው። ነጻነቱ ከላይ በአዋጅ፣ ከውጭ በግፊት መጣ። የራሳችን መጽሐፍ የራሳችን ሰው ጆሮ ሳይደርስ ቀረ። ይህን የምጽፈው በቁጭት ነው። ቃሉ ነበረን፤ ሰሚ አላበጀንለትም።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሰጡ። 55 አንቀጾች ነበሩት። ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው መድፈኛነት የተማሩ፣ ፋቡላ የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የደረሱ ሰው። አብነታቸው የጃፓን የሜጂ ሕገ መንግሥት ነበር። ክብረ ነገሥትም እዚያ ውስጥ ገባ፤ ሦስተኛው አንቀጽ የንጉሡን ዘር ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ያያይዛል። ሌላው አንቀጽ የንጉሠ ነገሥቱ አካል የተቀደሰ፣ ሥልጣናቸው የማይደፈር መሆኑን ይናገራል። ለሙስሊሙ፣ በደቡብና በምዕራብ ላሉ ብዙ ሕዝቦች ይህ የትውልድ ሐረግ የእነሱ ታሪክ አልነበረም። እንዲያምኑት ተነገራቸው እንጂ አልተጠየቁም። የዚህ ጉድለት ዕዳ ዛሬም አልተከፈለም።

በዚያ ሰነድ ውስጥ ግን እንደ ፍትሐ ነገሥቱ አንቀጽ አንድ የሚያፈተልክ ቃል ነበር። ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ የሕግ መወሰኛውና የሕግ መምሪያው። የሕግ መምሪያውን አባላት የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ናቸው። ይህ የሚሆነው ግን ለጊዜው፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ ነው ይላል 32ኛው አንቀጽ። ሕዝቡ መቼ እንደሚችል የሚወስነው ማን እንደሆነ አልተጻፈም። ጸሐፊዎቹ ምናልባት ጊዜ ለመግዛት ያስገቡት ሐረግ ነው። ሆኖም «ለጊዜው» ብሎ የጻፈ መንግሥት ጊዜው ደርሷል ወይ ተብሎ ለመጠየቅ ራሱን ሰጥቷል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያውን ምርጫ ለሕዝቡ ሰጠ። በየካቲት 1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ በአዲስ አበባ መንገዶች ሲወጡ ያመሩት ወደዚያው ምክር ቤት ነበር፤ እዚያ ውስጥ የገባርና የባለርስት ረቂቅ ሕግ ይታይ ነበርና። ንጉሠ ነገሥቱ በፈቃዳቸው የሰጡት ቤት ንጉሠ ነገሥቱ ያልፈቀዱትን ጥያቄ መስማት ግድ ሆነበት።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሡን አውርዶ ሕገ መንግሥቱን አገደ። በ1979 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሕገ መንግሥት ብዙም ሳይቆይ ከመንግሥቱ ጋር ወደቀ፤ ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም። በዚያ ዘመን ከወጣው ሕግ ሁሉ ዕድሜ ያገኘው ሕገ መንግሥቱ ሳይሆን የየካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ነው። አዋጁ በሬዲዮ ተነገረ፤ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ የወጡ ተማሪዎች በየቀበሌው እየዞሩ ለገበሬው አስረዱ። ማንበብ የማይችለው ጭሰኛ ሰማው፣ ገባው፣ የእሱ መሆኑን አወቀ። ደርግ ወደቀ፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ቀጠለ። መሬት በመንግሥት እጅ መቆየቱ ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፣ እኔም ጥርጣሬ አለኝ። ግን ጭሰኝነትን መልሼ አመጣለሁ ብሎ ገበሬው ፊት መቆም የቻለ መንግሥት ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ባለጉዳዩ የሰማውን ቃል ከባለጉዳዩ ላይ መንጠቅ ከባድ ነው።

ሰሚ ማበጀትን ከማንም በላይ የሚያውቁበት ምናልባት ሕጋቸውን በወረቀት ያላሰፈሩት ናቸው። ቦረናዎች በየስምንት ዓመቱ ጉሚ ጋዮ ላይ ይሰበሰባሉ። ሕጉ በጉባኤው ፊት በቃል ይነገራል፤ የሚጸናው ይጸናል፣ ጊዜ ያለፈበት ይሻሻላል፣ አዲስ የሚያስፈልገውም ይጨመራል። ሕጉ የሚኖረው በሰሚዎቹ ጆሮና ትውስታ ስለሆነ ሰሚ የሌለው ሕግ እዚያ ሕግ አይሆንም። ክብረ ነገሥትን መሥራች ሰነድ ብለን ስናጠና ጉሚ ጋዮን ባህል ብለን ወደ ዳር ስንገፋ መኖራችን ትልቅ ጥፋት ነው።

አሁን ያለንበት ሕገ መንግሥት ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. በሕገ መንግሥት ጉባኤው ጸደቀ፤ ከዚያው ዓመት ነሐሴ 15 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። 106 አንቀጾች አሉት፤ ከቀደሙት የጽሑፍ ሕገ መንግሥቶች ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያገኘው እሱ ነው። ተናጋሪውም ተለውጧል። በክብረ ነገሥት የሚናገሩት 318ቱ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ናቸው። በ1923ቱ የሚሰጡት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። በ1987ቱ መግቢያ «እኛ» ብለው የሚጀምሩት የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ናቸው። ያ «እኛ» ሲጻፍ ያልተጠየቀ ብዙ ሰው ነበር፤ ሰነዱ የአሸናፊዎች ነው የሚለውን ክስ ከንቱ ነው ብዬ አላልፈውም። ነገር ግን ከላይ ያነሳኋቸው ሰነዶች አብዛኞቹ የአሸናፊዎች ነበሩ። የማሳቹሴትሱም የባለርስቶች ሰነድ ነበር። የአንድን ሰነድ ትርጉም የልደቱ ታሪክ ብቻ የሚወስነው ቢሆን ማም ቤት አትረታም ነበር።

ስለ 1987ቱ ሕገ መንግሥት ሲነሳ ክርክሩ ሁሉ አንቀጽ 39 ላይ ይወድቃል። በየስብሰባው፣ በየቴሌቪዥኑ፣ በዋሽንግተንም ሆነ በአዲስ አበባ ቡና ቤት፣ አንዱ ያወድሰዋል ሌላው ይረግመዋል። የመገንጠል መብት ትልቅ ጉዳይ ነው፤ አትከራከሩበት አልልም። ግን ይህን ያህል ስንከራከር አንቀጽ 19ን ስንቶቻችን አንብበናል? የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት እዚያ ተጽፏል። በሚቀጥሉት ገጾች የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንጹሕ ሆኖ እንደሚቆጠር፣ በጥበቃ ሥር ያለ ሰው የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዱ፣ ሐኪሙ፣ የሃይማኖት አማካሪውና ጠበቃው እንዲጎበኙት መብት እንዳለው ተጽፏል። በጊዜ ቀጠሮ ችሎት የተቀመጠ ሰው የሚያየውን ያውቃል። መርማሪው ለተጨማሪ ምርመራ 14 ቀን ይሰጠኝ ይላል፤ ጠበቃው ተነሥቶ አንቀጹን ይጠቅሳል፤ ቤተሰቡ ከኋላ ወንበር ሆኖ ያዳምጣል። አንዳንድ ጊዜ ዳኛው ዋስትና ይፈቅዳሉ። ዋስትናው ተፈቅዶም ሰውየው የማይለቀቅበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ እንኳ ያ የተጠቀሰ አንቀጽ በመዝገቡ ውስጥ ቀርቷል፤ መንግሥት በራሱ ቃል ተጠይቋል።

የአገራችን ሰው ሲገፋ «በሕግ አምላክ!» ይላል። መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ሲደባደቡ ይህን የሰማ እጁን ይሰበስባል፤ ያልሰበሰበ ደግሞ በሁሉም ዘንድ ይነቀፋል። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች ያለውም ይኸው ሕዝብ ነው። ለፍትሕ የሚነቃ ጆሮ አላነሰንም። ያነሰን በዚያ ጆሮ የሚገባ፣ ሰው በገዛ ቋንቋው በልቡ ይዞት ወደ ችሎት የሚገባበት አንቀጽ ነው። በ1923 እና በ1987 መካከል ባሉት 64 ዓመታት አራት ሕገ መንግሥት ጽፈናል። የኋለኞቹ ከእነሱ በፊት አገር እንዳልነበረ ሆነው ጀመሩ፤ የቀደሙት ሦስቱ ደግሞ ለባለጉዳዩ በቅጡ ሳይነበቡ በሚቀጥለው ተተኩ። አምስተኛው ቢጻፍ ወይም ይህኛው ቢሻሻል፣ አርቃቂዎቹ የቱንም ያህል ጠቢባን ቢሆኑ፣ ሰሚ ካልተዘጋጀለት ዕጣው ከቀደሙት አይለይም። የሚሻሻለውን ማሻሻል ተገቢ ነው፤ የማሻሻያው መንገድም በአንቀጽ 104 እና 105 ተቀምጧል። ከዚያ በፊት ግን ያለንን እንስማ።

ስለዚህ አንባቢዬ ሆይ፣ ሕገ መንግሥቱን ፈልገህ ምዕራፍ ሦስትን አውጣ። ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ያለው ነው፤ ረጅም አይደለም። ለብቻህ አንብበህ አትዝጋው። ማንበብ ለማይችሉት እናትህ፣ ለጥበቃ ሠራተኛው፣ ቤትህ ለምትሠራው ልጅ በሚገባቸው ቋንቋ ጮክ ብለህ አንብብላቸው፤ ሲጨርሱም የትኛው አንቀጽ እነሱን እንደሚመለከት ጠይቃቸው።